ሞታለች የተባለችው ሰዓት

ለተሥላሴ ወልደ ማርያም ስትቆጣ ድምፅዋ ከፍ አይልም። ወረንጦዋን ታስቀምጣለች፤ ዓይኗ ላይ የምትሰካውን ማጉያ አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች፤ ከዚያ ሰውየውን ከነአባቱ ስም ጠርታ ታናግረዋለች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እምባየ እባላለሁ። ከሑመራ ተሰድጄ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባሁ ወዲህ የስፌት መኪናዬ የቆመው ከእሷ ጠረጴዛ ጎን ነው። በመካከላችን ያለው የቆርቆሮ ግድግዳ ከወገብ አያልፍም። ስለዚህ የምነግራችሁ አብዛኛው በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት ነው፤ የቀረውን እሷ ራሷ ነግራኛለች።

አባቷ አቶ ወልደ ማርያም ጎንደር ላይ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። በደርግ ጊዜ አገር ሲታመስ በመተማ አድርገው ሲወጡ ለተሥላሴ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እነሆ አርባ ስድስት ዓመት ሆናት እዚሁ ናት። አባቷ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ሙያውን ለእሷ ሰጧት ይላል ሰው፤ እሷ ግን ይህን ስትሰማ ትናደዳለች። «ወንድ ቢኖረውም ለእኔ ነበር የሚሰጠው። እጄን አይቶ ነው ያስተማረኝ» ትላለች።

የባትሪ ሰዓት ገበያውን ሲሞላው የገዳሪፍ ሰዓት ሠሪዎች ሁሉ አዘኑ፤ እንጀራችን ተዘጋ አሉ። አቶ ወልደ ማርያም ግን አንዷን ከፍተው ሦስት ቀን ሲያዩዋት ሰነበቱና ልጃቸውን ጠርተው፣ «የሚበላሽ ነገር እስካለ ድረስ ሠሪ አይጠፋም» አሏት። ሰዉ የባትሪ ሰዓት ስትቆም ሞተች ብሎ ይጥላታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ባትሪውን እኛ ድንጋይ እንለዋለን፤ ሱዳኖቹም ሐጀር ይሉታል፣ ያው ድንጋይ ማለት ነው። ድንጋዩ ውስጥ ተረስቶ ሲቆይ ያለቅሳል፤ እንባው አረንጓዴ ዝገት ሆኖ መዳቡን ይበላዋል። ዝገቱን ለማጽዳት ትዕግሥት፣ የተቆረጠውን ክር ለመቀጠል ዓይን ያስፈልጋል። ለተሥላሴ ሁለቱም አላት። ሱዳኖቹ «ሲት ሳዓት»፣ የሰዓት እመቤት፣ ብለው የሚጠሯት ያለ ነገር አይደለም።

ጦርነቱ ኻርቱምን ሲበላ፣ ቀጥሎም ወደ መደኒና ወደ ሲንጃ ሲወርድ፣ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ጎረፈ። ትምህርት ቤቶቹ የተፈናቃይ ማደሪያ ሆኑ፤ የክፍሎቹ መስኮት ላይ ልብስ ተሰጣ። እኛ ስደተኞቹ አገሬውን በስደት አየነው። ቤቱን ጥሎ የሚወጣ ሰው የሚይዘው በእጅ የሚጨበጠውንና ዋጋ ያለውን ነው። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ኩዌትና ሳዑዲ የሠሩ ሱዳኖች ያኔ አዲስ ፋሽን የነበረውን፣ ኳርትዝ የሚባለውን የባትሪ ሰዓት፣ እንደ ወረቀት የሳሳውን፣ ባለወርቁን የስዊስ ሥራ ገዝተው ወይም ተሸልመው ነበር የተመለሱት። እነዚያ ሰዓቶች አርባ ዓመት ሣጥን ውስጥ ከርመው አሁን አንድ ባንድ ገዳሪፍ ገበያ ላይ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ።

ሶፎኒያስ የተነሣው ያን ጊዜ ነው። ሶፎኒያስ ታከለ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሁልጊዜ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ስልኩ ከእጁ የማይለይ የእኛ አገር ልጅ ነው። ወደ ሊቢያ ሊያልፍ መጥቶ መንገዱ ሲዘጋበት እዚሁ ቀረና ሲምሳር ሆነ፤ ደላላ ማለት ነው። ከተፈናቃዮቹ ሰዓት ይገዛል፣ ለተሥላሴ ትሠራለታለች፣ እሱ ፎቶ አንሥቶ ዱባይ ላሉ ሰብሳቢዎች ይሸጣል። ለሥራውም ብሎ ከዱባይ ትልቅ ማይክሮስኮፕ አስመጣላት።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰሞን ለተሥላሴን እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ዕድሜዋን ሁሉ የቻይና ሰዓት ድንጋይ ስትለውጥ የኖረች ሴት፣ አባቷ በድሮ መጽሔት ላይ ብቻ ያሳዩዋትን ማሽኖች በእጇ ያዘች። አንዷን ስትከፍት፣ «እምባየ፣ ና እይ። ማንም የማያየው የውስጥ ብረት ላይ ጌጥ ጠርበውበታል» ብላ ጠራችኝ። እኔ ያየሁት ብረት ነው። እሷ ግን ለማንም ሳይሆን ለሥራው ክብር ብሎ ያሳመረ ሰው አይታ ተደስታለች።

በሐምሌ አጋማሽ ዝናቡ ገበያውን ጭቃ ባደረገበት ቀን ሶፎኒያስ አንዲት ሰዓት በመሐረብ ጠቅልሎ መጣ።

«እትዬ ለተ፣ ይችን ቶሎ ሥሪልኝ። ገዢ አላት።»

ለተሥላሴ ተቀብላ አገላበጠቻት። ወርቅ ቀፎ፣ ክሬም መልክ ያለው ፊት፣ የበሰበሰ የቆዳ ማሰሪያ። የኋላ ክዳኗ ላይ በዐረብኛ ተቀርጿል፤ ጮክ ብላ አነበበችው። «ለሙሃንዲስ ሙዕተሲም፣ ከሥራ ባልደረቦቹ። ኩዌት 1983።»

«ጽሕፈቱን ሞርደሽ አጥፊልኝ» አላት ሶፎኒያስ።

«ለምን?»

«ገዢ የሌላ ሰው ስም ያለበትን አይወድማ።»

«ወርቁ ስስ ነው። ከሞረድኩት ክዳኑ ይሳሳል። ደግሞስ የሰውየው ስም ምን አደረገህ?»

«ምንም። ገበያ ነው።»

«አልሞርድም። ማሽኗን እሠራልሃለሁ፤ ስሙን ግን አልነካም» አለችው። ሳቀና ሄደ።

ሦስት ቀን ፈጀባት። ድንጋዩ ከፈሰሰ ቆይቷል። ዝገቱን አቼቶ ውስጥ በነከረችው የእንጨት ስንጥር ጫፍ ጠብታ በጠብታ አወጣችው። ጥርሶቹን ፈትታ በቤንዚን አጠበች። ከዚያ በቴስተር ስትለካት ጥቅልሉ ተቆርጧል። ጥቅልል የምለው ከሰው ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ክር ሺህ ጊዜ የተጠመጠመበት ነገር ነው፤ እሱ ከተቆረጠ ብዙ ሠሪ እጁን ያነሣል፤ መለዋወጫውም ከቀረ ቆይቷል። እሷ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ የተቆረጠውን ጫፍ ፈለገች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ክሩን ቀጠለችው፤ አዲስ ድንጋይ አገባችላት፤ የሰከንዷ ዘንግም መራመድ ጀመረች። ለተሥላሴ ወገቧን ይዛ ተነሣችና ከጎረቤት ውኃ ገዝታ ጠጣች። የእሷ ደስታ እንደዚያ ነው።

በማግስቱ አንዲት ሴት መጣች። ስድሳውን ያለፈች፣ ነጭ ቶብ የለበሰች፤ እዚህ አገር ባሏ የሞተባት ሴት የምትለብሰውን። ጭቃ ላይ ጫማዋን እየመረጠች ስትራመድ አስተማሪ እንደነበረች ያስታውቃል። ከለተሥላሴ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«የሰዓት ባለሙያዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ። አረፍ በይ፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ።»

«አልቀመጥም። ኢቅባል እባላለሁ። ከሲንጃ ነው የመጣሁት፤ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። የባለቤቴን ሰዓት አይተሻት፣ ሞታለች፣ ከእንግዲህ አትነሣም ብለሻል አሉ። ሸጫታለሁ፤ በዚያ ነገር የለኝም። የምፈልገው ለምን እንደሞተች ማወቅ ነው።»

ለተሥላሴ ወረንጦዋን አስቀመጠች። እኔም የመኪናዬን እግር አቆምኩ።

ሴትዮዋ ቀጠለች። «ባለቤቴ በታመመ ጊዜ፣ ሐጀሩን አስለውጪ፣ ውስጥ ከቆየ ያበላሻታል ብሎኝ ነበር። እሱን ላስታምም ስሮጥ ረሳሁት። ከሞተ በኋላ ደግሞ ልነካት አልቻልኩም፤ ሦስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠች። ከሲንጃ ስንሸሽ ወንዝ ስንሻገር ሻንጣዬ ውኃ ገባበት። እና ውኃው ነው ወይስ እኔ ነኝ የገደልኳት? እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቀየምሽም።»

«በጀርባዋ ጽሕፈት አለባት?» አለች ለተሥላሴ።

«የባለቤቴ ስም። ሙሃንዲስ ሙዕተሲም።»

ለተሥላሴ መሳቢያዋን ከፈተች። የባትሪ ሰዓት ድምፅ ቀጭን ስለሆነ የገበያው ጫጫታ ይውጠዋል፤ ጆሮ ላይ ማስጠጋት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሰዓቷን ሴትዮዋ መዳፍ ላይ አኖረችና በወረንጦ ጫፍ የሰከንዷን ዘንግ አሳየቻት። ትሄዳለች። አንድ፣ አንድ፣ አንድ።

አልቀመጥም ያለችው ሲት ኢቅባል ያኔ ተቀመጠች። «ታዲያ ማን ነው ሞታለች ያለው?» አለች።

«እኔ አይደለሁም። አልሞተችም ነበር። ታማ ነበር፤ ሠራኋት። አንቺም አልገደልሻት፣ ውኃውም አልገደላት።»

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ሶፎኒያስ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ ሰዓቷን «ለባለሙያዋ ላሳያት» ብሎ ወስዷል። በሁለተኛው ቀን ባዶ እጁን ተመልሶ፣ ሲት ሳዓት ራሷ አይታ ማሽኗ ሞቷል ብላለች፤ የሚረባው የቀፎው ወርቅ ብቻ ነው፤ እሱም ሽፋን ነው፤ ሲል ነግሯታል። አንድ ጆንያ ማሽላና አንድ ጀሪካን ዘይት የማይገዛ ገንዘብ ቆጥሮ ሰጣት። እሷም ከሰዓቷ መሸጥ ይልቅ ሞተች መባሏ እያንገበገባት ሳምንት ሰነበተች።

«ውሰጃት» አለቻት ለተሥላሴ።

«አልወስዳትም። ሸጬ ገንዘብ ተቀብያለሁ፤ የደም ግፊት መድኃኒት ገዛሁበት። የሸጠ ሰው ተመልሶ ከወሰደ ሌባ ነው» አለች ሲት ኢቅባል። ሰዓቷን ራሷ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችና ሄደች።

ለተሥላሴ መሳቢያውን ቆለፈች። ቁልፉን አንገቷ ላይ አሠረች። ከዚያ ሶፎኒያስ እስኪመጣ ድረስ አንድም ሥራ አልሠራችም።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም መጣ። «እትዬ ለተ፣ አለቀች አሉ?»

ማጉያዋን አውልቃ ትወለውል ጀመር። «ሶፎኒያስ ታከለ፣ ሲት ኢቅባል እዚህ ነበረች።»

ፊቱ ትንሽ ተለዋወጠ፤ ግን አልደነገጠም። «ምን ትላለች?»

«ሞታለች ብለሻል ትላለች። እኔ ሳላያት ገደልኩባት።»

«እንግዲህ የንግድ ወሬ ነው። ሲገዛ የማያራክስ ነጋዴ አለ እንዴ?»

«አራክስ። ማሰሪያዋ በስብሷል በል፣ ፊቷ ቢጫ ሆኗል በል፤ እውነት ነው። እኔን ምስክር አድርገህ ውሸት ስትሸጥ ግን ንግድ አይደለም።»

«ስምሽን ያነሣሁት እኮ ሰዉ አንቺን ስለሚያምን ነው» አላት።

ይህን ያለው እንደ ምስጋና አድርጎ ነበር። የለተሥላሴ እጅ ማጉያውን መወልወሉን አቆመ። አርባ ዓመት ጠረጴዛ ላይ ጎብጣ ያተረፈችው አንድ ነገር ሰው የሚያምናት መሆኑ ነው። ይህን እምነት ነው አውጥቶ እንደ ወንጭፍ የተጠቀመበት።

«ስንቱን ነው በእኔ አፍ የገደልከው?»

«አልቆጠርኩም።»

«ቁጠር።»

ሰማይ ሰማይ አየ። «ከዚች ሌላ አሥራ አንድ ይሆናል።»

አሥራ አንድ። አሥራ አንዱንም እኔ አይቻቸዋለሁ። አሥራ አንዱም ከዚያ ጠረጴዛ እየሠሩ ነው የወጡት።

ከዚያ ሶፎኒያስ ራሱም ተቆጣ። «እትዬ ለተ፣ እኔ በመተማ ስገባ ጫማዬን እንኳ አውልቀው ነው የላኩኝ። ዶካ ላይ ሰሊጥ አጭጄ፣ ሦስት ወር፣ ባለ እርሻው ሳይከፍለኝ በውሻ ነው ያባረረኝ። ያኔ ማን ተቆጣልኝ? ለእኛ ማንም ያላዘነውን ዛሬ ለሱዳን ሀብታም እኔ እንዳዝን ትፈልጊያለሽ?»

«ጫማህን የወሰደውን ሄደህ ጫማውን አውልቀው፤ አግዝሃለሁ። ውሻ የለቀቀብህንም ክሰሰው፤ ምስክር ካገኘህ ክሱን እኔው አጽፍልሃለሁ። ይች ሴት ግን ምን አደረገችህ? የበደለህን ትተህ ያልበደለችህን መዝረፍ ድፍረት አይደለም፤ ቀላሉን መምረጥ ነው።»

«ሰዓቴን ስጪኝ።»

«አልሰጥህም።»

«እንግዲያው የሰረቅሽው አንቺ ነሽ። መጤ መሆንሽንም አትርሺ፤ ኢቃማ የሚባል የመኖሪያ ፈቃድ አለ፤ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም» ብሎ ወጣ።

የሚገርመው፣ ሽማግሌ ፊት የከሰሳት እሱ ነው። ሻጭ ሸጧል፣ ገዢ ገዝቷል፣ ሠሪ አልሰጥም ብላለች፤ ነገሩ ሲታይ እውነትም የእሱ ነው የሚመስለው። ሐሙስ ጠዋት ሸኽ አልሃዲ መጋዘን ተሰበሰብን። ሸኽ አልሃዲ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ የገበያውን ጠብ ሁሉ የሚያዩት እሳቸው ናቸው። በሰሊጥ ጆንያዎች መሐል ምንጣፍ አንጥፈው ተቀመጡ። ሲት ኢቅባል ተጠርታ መጥታለች። እኔ ለምስክርነት ተጠርቻለሁ።

ሶፎኒያስ በጥሩ ዐረብኛ ተናገረ። ገዝቻለሁ፣ ከፍያለሁ፣ የተሠራ ዕቃዬን ተከልክያለሁ አለ። ሸኽ አልሃዲ ሰምተው ሲት ኢቅባልን ጠየቋት፤ የተባለችውን ደገመች። ወደ ሶፎኒያስ ዞሩ።

«ባለሙያዋ ሞታለች ብላለች ብለሃል?»

«እንደዚያ አላልኩም። ባለሙያዎች ሲያዩዋት ተስፋ የላትም ነው ያልኩት። እሷ በደንብ አልሰማችኝም።»

«ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ተማሪ ሲዋሽ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ» አለች ሲት ኢቅባል ቀስ ብላ።

የእሷ ቃል በእሱ ቃል ላይ ሆነ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ያኔ ለተሥላሴ፣ «ሸኽ፣ ስልኩን ያሳያችሁ» አለች።

«የምን ስልክ?»

«ለመሸጥ የለጠፈውን። ሠርቼ ሳላስረክበው ገዢ አላት ብሎኛል። ምን ብሎ እንደለጠፈ ይታይ።»

ሶፎኒያስ የግል ነው አለ። ሸኽ አልሃዲ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው የግል የለውም አሉ። ከፍቶ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ሰዓቷ ፎቶዋ አለ፤ ከመጠገኗ በፊት፣ በመሐረቡ ላይ ሆና ያነሣት ነው። ከሥሩ የጻፈው ይህ ነው፦ «ኦርጅናል ማሽን፤ ያለ ችግር የሚሠራ። በምሥራቅ ሱዳን የታወቀችው ባለሙያ ሲት ለተሥላሴ መርምራ ዋስትና የሰጠችባት።»

ሸኽ አልሃዲ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወዳጄ» አሉት፣ «እንደ አንተ ቃል ባለሙያዋ ለሻጯ ሞታለች ብላለች፤ ለገዢው ደግሞ ትኖራለች ብላለች። በአንድ ሳምንት፣ ስለ አንዲት ሰዓት። አንዱን ምረጥ። የትኛውን ነው የዋሸኸው?»

የተተኮሰ ሸሚዙ ብብቱ ሥር ረጥቦ አየሁት።

ፍርዱ ወዲያው አልተሰጠም። ሽማግሌዎቹ ጥግ ይዘው ተማከሩ። ሲመለሱ ሸኽ አልሃዲ፣ ሽያጩ ላይ ማታለል ስላለ ሴትዮዋ የተቀበለችውን መልሳ ሰዓቷን መውሰድ ትችላለች አሉ። ሲት ኢቅባል፣ የምመልሰው የለኝም፣ በላሁት አለች። እንግዲያው ሶፎኒያስ ዱባይ ከሚሸጥበት ዋጋ ላይ ልዩነቱን እኩል እንዲያካፍላት፣ ገንዘቡም እስከ ቅዳሜ እሳቸው እጅ እንዲገባ ፈረዱ። ሰዓቷ ለእሱ ትሰጥ ተባለ።

ለተሥላሴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ሸኽ፣ ግማሽ ውሸት ነው እንዴ የዋሸው?»

«ሙሉ ውሸት ነው።»

«ታዲያ ፍርዱ ስለምን ግማሽ ሆነ?»

ሽማግሌው አልተቆጡም። «ያ ሲት ለተ፣ ሙሉውን ብፈርድ ነገ ጠፍቶ ከሰላ ከተማ ይገባል፤ እሷም ምንም አታገኝም። ዛሬ እጇ የሚገባውን ነው የፈረድኩላት።»

«ልክ ሊሆን ይችላል» አለች ለተሥላሴ። «ፍርድ ግን አይባልም። ሌላ ስም ያውጡለት።»

ሲት ኢቅባል ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት። ለራሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስሙን እንዳይፍቁት። ማንም ክንድ ላይ ትዋል፣ ሙዕተሲም የሚለው ይኑር።» ሶፎኒያስ እሺ አለ። እሺታውን ማን ያምነዋል? ግን ከዚያ በላይ ማድረግ የሚቻል አልነበረም። ቅዳሜ ገንዘቡ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ሲት ኢቅባል እህቷ ወዳለችበት ፖርት ሱዳን ሄደች።

ሶፎኒያስ ሰዓቷን ሊወስድ በመጣ ቀን ማይክሮስኮፑንም ይዞ ሄደ። ለተሥላሴ ራሷ በጨርቅ ጠቅልላ፣ መስታወቱ እንዳይሰበር ካርቶን አበጅታ ነው የሰጠችው። እኔ ይህን ሳይ ደሜ ፈላ። «ለዚህ ሰው ካርቶን?» ስላት፣ «ማይክሮስኮፑ ምን አጠፋ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የተቆረጠ ጥቅልል ሲመጣላት በማጉያዋ ትሞክራለች፤ ከአምስቱ አንዱ ቢሳካላት ነው።

አሁን ስለራሴ አንድ ነገር ልናገር። ሸኽ አልሃዲ ፊት ለምስክርነት ስቆም ያልተናገርኩት አለ። ይህ ከመሆኑ አንድ ወር በፊት ሻይ ቤት ተቀምጬ ሶፎኒያስ አንድ ሽማግሌ ተፈናቃይ ሲያናግር ሰምቼዋለሁ። «ሲት ሳዓት አይታታለች፣ አትነሣም» ሲል ሰማሁት። ሰዓቷን ግን ለተሥላሴ ገና አልከፈተቻትም ነበር፤ በማግስቱ ነው ያመጣላት። አውቄያለሁ፤ ዝም አልኩ። ሶፎኒያስ ሱሪውን የሚያሳጥረው፣ ጓደኞቹንም የሚልክልኝ እኔ ዘንድ ነበር። አያገባኝም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ስንቱ ሰው በእኔ ዝምታ ሰዓቱን እንደጣለ አላውቅም።

ከፍርዱ በኋላ ነገርኳት። መኪናዬን ትቼ ፊት ለፊቷ ቆሜ ነው የነገርኳት። ማጉያዋን አወለቀች፣ ወለወለች። «እምባየ ገብረ ሥላሴ» አለችኝ። መልሳ ሰካችው። ዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። ከወገብ በማያልፍ ግድግዳ ላይ ዘጠኝ ቀን ረጅም ነው። በአሥረኛው ቀን፣ ዓርብ ሱቁ ዝግ በሆነበት፣ ቤቴ መጥታ በር አንኳኳች። «ተነሥ፣ ትምህርት ቤቶቹ ጋ እንሄዳለን። ዐረብኛ ጽሕፈትህ ከእኔ ይሻላል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓርብ ሄድን። ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይዘን ከአንዱ ማደሪያ ወደ አንዱ እንዞራለን። እኔ በካርቶን ላይ በትልቁ እጽፋለሁ፤ በር ላይ እንለጥፋለን፦ «ሰዓት ያለው ሰው ከመሸጡ በፊት ለሲት ሳዓት ያሳይ። ማየት በነጻ ነው። የማየውን ሁሉ ለባለቤቱ ብቻ እናገራለሁ፤ ለደላላ አልናገርም።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር እሷ ናት ያስጨመረችኝ። የአሥራ አንዱን ባለቤቶችም እንፈልግ ነበር። ሁለቱን አገኘን። አንደኛዋ ሴት ታሪኩን ሰምታ፣ ለተሥላሴን ነው የሰደበቻት፤ አንቺ ካልሠራሽለት ምን ይሸጥ ነበር አለቻት። ለተሥላሴ አልተከራከረችም። ሁለተኛው፣ ያ ሻይ ቤት ያየሁት ሽማግሌ፣ ኒው ሀልፋ አንዱ ልጁ ዘንድ ነበር፤ በስልክ አገኘነው። ሰማንና፣ «እኔ የጠፋ ልጅ እየፈለግሁ ነው፤ ስለ ሰዓት አትደውሉልኝ» ብሎ ዘጋው። እኔ ስልኩን ይዤ ቀረሁ። ዘጠኙ የት እንዳሉ አይታወቅም። ሱዳን ሰፊ ነው፤ አሁን ደግሞ የተበተነ ነው።

ሶፎኒያስ ዛሬም አለ። የባለሙያ ስም ሳያነሣ ይገዛል፤ ሰዓቶቹን ከሰላ ላይ የሚሠራለት ሰው አግኝቷል ይላሉ። ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው። መንገድ ላይ ሲያገኛት «እትዬ ለተ፣ ደኅና ዋልሽ» ይላል፤ እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ሰላምታ አትነፍገውም፤ ሌላ ቃል ግን አትጨምርለትም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ፋው ከሚባለው አገር መጣ። ገበሬ ነው፤ መዳፉ ይናገራል። ካርቶኑን አንዱ ዘመዱ አንብቦለት አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ ነው የመጣው። ሴት ልጁ ሆስፒታል ተኝታለች። ከጀለቢያው ኪስ ወርቅ የመሰለች ከባድ ሰዓት አውጥቶ ሰጣት። አንድ የሸሸ ባለሥልጣን ለማሳ ሥራ ደመወዝ ፋንታ ነው የሰጠው።

ለተሥላሴ ከፈተቻት። አየቻት። ከዚያ ማጉያዋን አውልቃ ወለወለች፤ እኔ ከጎኗ ሆኜ ፊቷን አየሁ፤ እንደዚያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። የተቆጣችው ግን እዚያ ባልነበረ ሰው ላይ ነበር።

«አባቴ» አለችው፣ «ይች የውሸት ናት። ቀለም ነው እንጂ ወርቅ የላትም። ማሽኗም ርካሽ ነው። የሰጠህ ሰው አታሎሃል።»

ሰውየው ሰዓቷን ነጠቃት። «አንቺም ከእነሱው ነሽ» አላት። «አራክሰሽ ልትገዢኝ ነው። ስላንቺ ሌላ ነበር የሰማሁት።» እየተሳደበ በጭቃው ውስጥ ሄደ፤ ሦስት ሱቅ አልፎም ድምፁ ይሰማ ነበር።

ልከተለው ብዬ ተነሣሁ። «ተወው» አለችኝ። «ይቆጣ። የተዘረፈ ሰው እኮ ነው፤ የሚቆጣበት ሰው ቢያጣ ይፈነዳል።» ከዚያ ከመሳቢያዋ የአንዲት ልጅ የፕላስቲክ ሰዓት አወጣች፤ ክዳኗን በካቻቢቴ ከፍታ ድንጋዩን ትለውጥ ጀመር።